በነሐሴ ጎጆ የወጡ ጎረቤቶቻችን

(ጳጉሜ 1 ቀን፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በጋራ የአትክልት ቦታ ለተሰበሰቡ የሰፈሩ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ። ከፊት የተቀመጣችሁ ልጆችም በቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፍ ተነስታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ትናንት ጠዋት፣ ከቲማቲሙ መደብ ጀርባ ካለችው ትንሽ ዛፍ ላይ አራት ጫጩቶች ከጎጇቸው ወጡ። ሦስቱ ተከታትለው ነው የወጡት። አራተኛዋ ግን ፈራች። የጎጆው ጠርዝ ላይ ቆማ ክንፏን ታራግባለች፣ መልሳ ትሰበስባለች። አባቷ ከፊት ለፊት ካለው የሱፍ አበባ ላይ ሆኖ ይጠራታል። እኔ ሥራ ረፍዶብኛል። ቡናዬም እጄ ላይ ቀዝቅዟል። እግሬ ግን አልነሳ አለኝ። በመጨረሻ ዘለለችና አጠገቧ ያለው ቅርንጫፍ ላይ አረፈች። አንድ ክንድ ቢሆን ነው የሄደችው። አባቷ ወዲያው መጥቶ አጎረሳት።

ትናንት ነሐሴ 30 ነበር። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 5። የምናወራው ስለዚህ ቀን ነው።

እዚህ አገር ወፍ ጎጆ የሚሠራው በጸደይ ነው ብለን ለምደናል። ኤፕሪልና ሜይ ላይ ሮቢኖቹ ገና ሳይነጋ ይንጫጫሉ፣ ጭራሮ ተሸክመው ይመላለሳሉ፣ ዓይን ያለው ሁሉ ያያቸዋል። ሐምሌ ሲጋመስ ጩኸቱ ይቀንሳል። ነሐሴ ላይ ጠዋቱ ጸጥ ይላል። ያኔ ወፍ የለም ብለን መቀሳችንን እናነሳለን። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያ አስብ ነበር። ወፍ የሚዘፍነው በአብዛኛው ክልሉን ሲያስከብርና ጓደኛ ሲፈልግ ነው። እንቁላል የታቀፈች ወፍ መዝፈን አይጠቅማትም። የነሐሴ ጸጥታ ውስጥ ብዙ የታቀፈ እንቁላል አለ።

የትናንቶቹ ጫጩቶች ጎልድፊንች ይባላሉ። ወንዱን ሁላችሁም አይታችሁታል። በበጋ ቢጫ ነው፣ የአደይ አበባ ቢጫ። ግንባሩ ጥቁር፣ ክንፉም ጥቁር። ሲበር እንደ ሞገድ ከፍ ዝቅ ይላል። ሴቷ ፈዘዝ ያለች ናት፣ ቅጠል መሀል ከገባች አትታይም።

ይህች ወፍ ሌሎቹ ሁለተኛ ልጃቸውን ሲያሳድጉ ገና አልጀመረችም። ጸደዩን ሙሉ ዝም ብላ ታሳልፋለች። ሰነፍ ሆና አይደለም፤ የምትጠብቀው ነገር አላት። የምትጠብቀው እዚህ ቲስል የሚሉትን፣ አገር ቤት ኮሸሽላ የምንለውን ዓይነት እሾኻም ተክል ነው። እሱ አብቦ ፍሬው ሲደርስ ጥጥ የመሰለ ብናኝ ያወጣል። ጥጡን ጎጆዋ ውስጥ ታነጥፈዋለች፣ ፍሬውን ለልጆቿ ታበላለች። አብዛኞቹ ፍሬ በል ወፎች እንኳ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በትልና በነፍሳት ነው። ጎልድፊንች ግን ልጆቿን በፍሬ ታሳድጋለች። ስለዚህ ፍሬ ሳይደርስ ጎጆ መቀለስ ለእሷ ልጆቿን ማስራብ ነው። ለእኛ የዘገየ የሚመስለን ለእሷ ልክ ሰዓቱ ነው።

ጎጆው ሲሠራ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይቻለሁ። ሐምሌ 24 ነበር። ሴቷ ናት የምትሠራው፤ ወንዱ አጠገቧ እየበረረ ይከተላታል እንጂ አይሠራም። መጀመሪያ የሸረሪት ድር አመጣች። በድሩ ቀጫጭን ሥሮችንና የሣር አገዳዎችን ከቅርንጫፉ መንታ ጋር አሰረች። ከዚያ መሀሉ ገብታ በደረቷ እየገፋች ዞረች። እንጀራ ምጣድ ላይ ሴት እጇን እንደምታዞር፣ እሷም በደረቷ ዞራ ዞራ ስኒ አስመሰለችው። በስድስተኛው ቀን ጥጡን አነጠፈች። የዚህች ወፍ ጎጆ ሽመናው ጠበቅ ከማለቱ የተነሳ ውሃ ሊይዝ ይችላል። ይኼ ጥንካሬ ጉዳትም አለው። ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ እናትየው ካልከደነችው ጫጩቶቹ ጎጆው ውስጥ ሊሰምጡ ይችላሉ።

አምስት እንቁላል ጣለች፣ ፈዛዛ ሰማያዊ የሚመስሉ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ ታቀፈች። ስትታቀፍ እምብዛም አትነሳም። ወንዱ የፈጨውን ፍሬ ከጉሮሮው አውጥቶ ያጎርሳታል። ከሩቅ ድምፁን ስትሰማ እሷም ትጣራለች፤ የልጅ ድምፅ ነው የምታሰማው። ነሐሴ 17 አራቱ ተፈለፈሉ። አንዷ እንቁላል ሳትፈለፈል ቀረች። በመጨረሻዎቹ ቀናት የጎጆው ጠርዝ በነጭ ኩስ ተለስኖ ነበር። ልጆች ሲያድጉ ወላጆቹ ማጽዳቱን ይተዉታል። ጎጆ አግኝታችሁ ጠርዙ እንደዚያ ከሆነ፣ ሊወጡ ቀርበዋል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ አትጠጉ።

አንድ ሌላ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔን በጣም ነው ያስገረመኝ። ካውበርድ የሚባል ወፍ አለ። የራሱ ጎጆ የለውም። እንቁላሉን በሌላ ወፍ ጎጆ ጥሎ ይሄዳል። የሰው ቤት ያደገው ጫጩት የባለቤቱን ልጆች እያስራበ ይፋፋል። የጎልድፊንች ጎጆ ውስጥ ግን ቢፈለፈል እንኳ ከሦስት ቀን በላይ እምብዛም አይቆይም። ፍሬ ብቻ እየበላ ማደግ አይችልም።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ የወፍ ምግብ የሚሸጥበት መደብር ገባሁ። ሻጩ ለጎልድፊንች ከዚህ የሚበልጥ የለም ብሎ አንድ ከረጢት ሰጠኝ። ላዩ ላይ "ናይጀር" ይላል። ከፍቼ እፍኝ አወጣሁ። ጥቁር፣ ቀጭን፣ የሚያብለጨልጭ። ኑግ ነው! እናቴ ቆልታ የምትወቅጠው ኑግ። ዓይኔ እንባ ሞላ።

ኑግ መነሻው የእኛ አገር ደጋ ነው። የሳይንስ ስሙም ጊዞቲያ አቢሲኒካ ነው። እዚህ የሚሸጠው ከኢትዮጵያም ከሕንድም ይመጣል። ሲገባ በሙቀት ይታከማል፣ በቅሎ አረም እንዳይሆን። ለዚህ ነው እዚህ ስትዘሩት የማይበቅለው፤ የሞከራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ብዙ አሜሪካዊ የቲስል ፍሬ ይለዋል፣ ቲስል ግን አይደለም። ዝምድና ግን አላቸው። ኑግ፣ ሱፍ፣ ኮሸሽላ፣ አደይ አበባ ሁሉም አንድ የተክል ቤተሰብ ናቸው። በመስከረም ጎጃም በኑግ ቢጫ ሲለብስ፣ ያ ቢጫ እዚህ ሜሪላንድ የአንዲት ወፍ ምግብ ይሆናል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ጎልድፊንችን እንደ እንግዳ ወፍ ማየት አቅቶኛል።

እኔ ይፋት ነው ያደግሁት። ማሽላ አገር ነው። ልጅ ሳለሁ ማማ ላይ ወጥቼ ወንጭፍ ይዤ ወፍ ስጠብቅ እውል ነበር። ወፍ ለእኔ ማሽላ የሚበላ ጠላት ነበር። በዚያው በልጅነቴ ግን እናቴ አንድ ነገር ከልክላኛለች። ጎጆ ካየህ አትንካ፣ እናትየው የሰው ሽታ ሸትቷት ትተዋለች ትለኝ ነበር። እርግጥ ወፍ በሰው ሽታ ብቻ ጎጆዋን ጥላ አትሄድም። የእናቴ ክልከላ ግን ትክክል ነበር። ሰው የተመላለሰበትን ዱካ ድመትም ሌላ አውሬም ይከተለዋል። እናትየው ደጋግማ ከተነሳች ደግሞ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል።

ጎልድፊንች በዕቅድ ነው የምትዘገይ። ሌሎች በችግር ይዘገያሉ። የመጀመሪያውን ጎጆ ቁራ በልቶት፣ ድመት ወስዶት፣ ማዕበል ጥሎት እንደገና የጀመሩ አሉ። ሮቢን በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ትወልዳለች፣ የመጨረሻዋ አንዳንዴ ነሐሴ ላይ ትገባለች። ዋኖስ ደግሞ፣ እዚህ ሞርኒንግ ዳቭ የሚሏት፣ ከማርች ጀምራ እስከ ኦክቶበር ትወልዳለች። ዘግይቶ መውለድ ቀላል አይደለም። ቀኑ ሲያጥር የወፎች ሰውነት ራሱ ከመራባት ይወጣል። ላባ መቀየር አለባቸው። ወደ ደቡብ የሚሄዱት ስብ ማጠራቀም አለባቸው። በነሐሴ ጎጆ ላይ የተቀመጠች ወፍ ይህ ሁሉ እያለባት ነው የተቀመጠችው።

አሁን የምነግራችሁን መናገር ይከብደኛል። ያለፈው ዓመት ለእንቁጣጣሽ ቤት ሳጸዳ፣ ግቢም ላጽዳ ብዬ የቁጥቋጦ መቁረጫ ማሽን ተውሼ አጥሩ ላይ ያለውን ቁጥቋጦ ከረከምኩት። ሳላይ ነው የከረከምኩት። ጭራሮው ሲወድቅ አብሮ አንድ ነገር ወደቀ። የዋኖስ ጎጆ ነበር፣ ሁለት እንቁላል ያለው። አንዱ ተሰብሮ ውስጡ ጫጩት ይታይ ነበር። ዋኖሷ የመብራት ሽቦ ላይ አርፋ ቆየች። በማግስቱም እዚያው ነበረች። እኔ ግቢዬን አሳምሬ በዓል አከበርኩ፤ ቡናው ግን አልጣመኝም።

እናንተን የጠራሁት ለዚህ ነው። የእኛ ማጽጃ ጊዜና የእነዚህ ወፎች ጊዜ ተጋጥሟል። ጳጉሜ ሲገባ ሁላችንም መጥረጊያና መቀስ እንይዛለን። ቤት ውስጡን አጽዱ። ቁጥቋጦውን ግን ለኦክቶበር መጨረሻ ተዉት። መቁረጥ ግድ ከሆነ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ራቅ ብላችሁ ቁሙና ተመልከቱ። ወፍ ደጋግማ ወደ አንድ ቦታ ከገባች እዚያ ጎጆ አለ። ይህ ሕግም ነው። በ1918 የወጣው የፌዴራል ሕግ እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበትን የአብዛኞቹን የአገሩ ወፎች ጎጆ ማፍረስ ይከለክላል። እኔ ግን የማስበው ሽቦ ላይ የቆመችውን ዋኖስ ነው።

የሱፍ አበባው ሲደርቅ አትንቀሉት፣ ፍሬውን ይብሉት። ድመት ያላችሁ ጫጩት በሚወጣበት ሰሞን እቤት አቆዩልኝ። ጎጆ ያገኛችሁ በየሦስት አራት ቀኑ ከአንድ ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ብቻ እዩ። በጠዋቱ ብርድና በዝናብ አትሂዱ። ልጆች፣ ያያችሁትን ደብተር ላይ ጻፉ፤ ቀኑን፣ እንቁላሉን፣ ማን እንደታቀፈ። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያለው የወፎች ጥናት ተቋም ኔስትዎች በሚባል ሥራው እንዲህ ዓይነቱን መዝገብ ከማንም ይቀበላል። የዘገዩ ጎጆዎች መዝገብ በተለይ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም በዚህ ሰሞን ብዙ ሰው ማየት ያቆማል።

የመጨረሻው ጉዳዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንዲት እናታችን፣ ስሜን እንዳትጠራ ብለውኛል፣ በረንዳቸው ላይ ባለው የአበባ ማሰሮ ዋኖስ ጎጆ ሠርታለች። ነሐሴ 23 ሁለተኛዋን እንቁላል ጣለች። እኚህ እናታችን ከዚያ ቀን ጀምረው አበባውን በሻይ ማንኪያ ነው የሚያጠጡት፣ ከዳር ከዳሩ። በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣትም ትተዋል። አንዷ ወፍ ቀንና ሌሊት ሳትነሳ ምን ትበላለች ብለው ተጨንቀው ጠየቁኝ። አብረን ስናይ ሁለት ናቸው። ከረፋዱ እስከ አመሻሽ ወንዱ ይታቀፋል፣ ሌሊቱን ሴቷ። አንድ የመሰሉን መልካቸው ስለሚመሳሰል ነው። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ሁለቱም ከጉሮሯቸው ወተት የመሰለ ነገር ያበላሉ፣ እናትም አባትም።

አሥራ አራት ቀን ነው የሚታቀፉት። እንቁጣጣሽ ዕለት ወይም በማግስቱ ይፈለፈላሉ። ከመኪና ማቆሚያው ማዶ ቆሞ ማየት ይቻላል። ሁለት ባይኖኩላር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። ሦስት ሦስት ሆነን፣ ልጆች ቀድማችሁ፣ ድምፅ ሳናሰማ እንሂድ። አሁን አራት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ወንዱ ተራውን ሊረከብ የሚመጣበት ሰዓት ነው።