ይህች ድንጋይ ዕድሜዋ ስንት ነው?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ማይኩ አጠገብ አንዲት ቁራጭ የአሸዋ ድንጋይ አስቀምጫለሁ። ቀላ ያለች፣ እፍኝ እንኳ የማትሞላ ናት።

ጂኦሎጂ ማንበብ የጀመርኩት በእሷ ምክንያት ነው። አንድ ሕፃን አነሳትና "ዕድሜዋ ስንት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። ያኔ የጠፋኝ ቁጥሩ ብቻ መስሎኝ ነበር። እያነበብኩ ስሄድ ግን ጥያቄው ከአንድ በላይ መልስ እንዳለው ገባኝ።

እስቲ ከግራናይት እንነሳ። ግራናይት ከመሬት በታች ቀልጦ የነበረ አለት ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ነው። በብዛት ፌልድስፓርና ኳርትዝ የሚባሉ ማዕድናት አሉበት። በላዩ ያለው ሁሉ ተሸርሽሮ አልቆ ፀሐይ ሲያገኘው፣ ዝናብም ያገኘዋል። የዝናብ ውሃ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀላቀልበት ትንሽ አሲድነት አለው። ፌልድስፓሩ ይህን አይችልም፤ ውሎ አድሮ ጭቃ ይሆናል። ኳርትዙ ግን በቀላሉ አይበገርም። ጎረቤቱ ሲፈርስበት ፍሬ ፍሬ ሆኖ ይረግፋል። አብዛኛው አሸዋ እንዲህ የተረፈ ነው።

ከዚያ ወንዝ ይወስደዋል። ጎርፍ ሲመጣ ይጓዛል፣ ሲጎድል ያርፋል። በመጨረሻ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛና ሌላ ደለል ይጫነዋል። በፍሬዎቹ መሃል የሚሰርገው ውሃ ይዞት የመጣው ማዕድን እንደ ሙጫ ያያይዛቸዋል። የአሸዋ ድንጋይ ሆነ ማለት ነው። መሬቱ ተገፍቶ ከፍ ሲል ደግሞ ዝናቡ እንደገና ይጀምረዋል።

ታዲያ ዕድሜዋ ከየት ይቆጠር? ፍሬው ከቀዘቀዘበት ወይስ ከተጣበቀበት?

ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ጃክ ሂልስ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ያለ አንድ አለት 3 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። በውስጡ ግን ዚርኮን የሚባሉ በዓይን የማይለዩ ፍሬዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ወደ 4.4 ቢሊዮን ዓመት ይጠጋሉ። ምድር ራሷ 4.54 ቢሊዮን ዓመቷ ነው! ዚርኮን ሲፈጠር ዩራኒየም ያስገባል፣ እርሳስ የሚባለውን ብረት ግን አያስጠጋም። ዩራኒየሙ በታወቀ ፍጥነት ወደ እርሳስ ይለወጣል። ስለዚህ ውስጡ የተጠራቀመው እርሳስ ሲለካ ዓመቱ ይታወቃል። ፍሬዎቹ መጀመሪያ የተወለዱበት አለት ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ልጆቹ ብቻ ቀርተዋል። ይህን ያነበብኩ ዕለት መጽሐፉን ከድኜ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

አሁን እያወራኋችሁ ድንጋይዋን በአውራ ጣቴ እያሸኋት ነው። ሦስት አራት ፍሬ ጠረጴዛው ላይ ረግፏል።