ጉንፋን፣ እርግዝና እና ግሉተን፦ ከስልክ መስመራችን

የዛሬዎቹ ሦስት ጥያቄዎች ግሉተን፣ ማለትም ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ ከማይስማማቸው እርጉዞች ቤት የመጡ ናቸው። የፋርማሲ ባለሙያችን መልሰዋል።

«ዶክተር፣ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሴሊያክ አለብኝ፣ ግሉተን አንጀቴን የሚጎዳበት በሽታ። ጉንፋን ይዞኝ አፍንጫዬ ተደፍኗል፣ ራስ ምታቱም አላስቀምጥ ብሎኛል። የጉንፋን ኪኒን ገዛሁ። ግሉተን ይኑረው አይኑረው የሚነግረኝ አጣሁ። ልዋጠው?» (ከሽምብጥ)

ዶክተር እንኳ አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ። እህቴ፣ አትዋጪው። ምክንያቴ ግን ግሉተኑ አይደለም። የጉንፋን የሚባለው ኪኒን ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት መድኃኒት በአንድ ላይ ነው፦ ፓራሲታሞል፣ እንቅልፍ የሚያመጣ የአለርጂ መድኃኒት፣ አፍንጫ የሚከፍት። አፍንጫ የሚከፍተው የደም ሥር ያጠባል፤ ለነፍሰ ጡር እንዲሁ ከመደርደሪያ አንስተን የምንሰጠው አይደለም። ለራስ ምታቱ ሌላ ፓራሲታሞል ከደረብሽበት ደግሞ ሳታውቂው መጠኑ ያልፋል።

ላንቺ የሚሻለው ፓራሲታሞል ብቻውን ነው። ባለ 500 ሚሊግራሙን አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ በየስድስት ሰዓቱ። ሲሻልሽ አቁሚ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የሚባሉት ማስታገሻዎች ይቅሩብሽ። በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ።

አሁን ወደ ግሉተኑ። ኪኒን ውስጥ ስታርች የሚባል ዱቄት ይገባል። አብዛኛው ከበቆሎ ወይም ከድንች ነው፣ ከስንዴ የሚሠራው ጥቂት ነው። ካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፋ ያለችውን ወረቀት አትጣያት። «ሜይዝ» ወይም «ኮርን ስታርች» ካለች በቆሎ ነው። «ዊት» ካለች ስንዴ ነው፣ መልሺው። «ስታርች» ብላ ዝም ካለች ሌላ ፋብሪካ የሠራውን እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። «ማልቶዴክስትሪን» የምትለዋ ስሟ ብቅል ብቅል ቢልም አታስፈራሽ።

አፍንጫሽን ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ እጠቢው።

«አማቴ ጉንፋኑን ያባርርልሻል ብለው ጤና አዳም ያፈሉልኛል፣ ዳማከሴ ይጨምቁልኛል። ከዚያ የአጃ አጥሚት ይከተላል። ሰባተኛ ወሬ ነው፣ ስንዴና ገብስም ተከልክያለሁ። እምቢ ማለት አፈርኩ።» (ከወረታ)

ይቺ ናት ከባዷ! ኪኒኑንስ ወረቀቱን አንብበሽ ትመልሺዋለሽ፣ አማትን ግን እንዴት ትመልሻለሽ?

ጤና አዳሙን አትጠጪው። ማህፀን ያኮማትራል፤ በብዙ አገር ጽንስ ለማስወረድ ሲጠቀሙበት የኖሩ ተክል ነው። «ቡና ሲኒ ውስጥ ጣል የምትደረገዋ ቅጠልስ?» ትሉኛላችሁ። እኔ እስክትወልጂ ተያት ባይ ነኝ። ዳማከሴም ለነፍሰ ጡር ይህን ያህል ይበቃል የተባለ መጠን የለውም፣ እሱም ይቆይ።

አጥሚቱ ደግሞ የአጃ ብቻ ቢሆን እንኳ አጃው ከገብስና ከስንዴ ጋር ይበቅላል፣ በአንድ ወፍጮ ይፈጫል። ጤፍሽም ቢሆን ገብስ ከወረደበት ወፍጮ ተከትሎ ከተፈጨ ንጹህ አይደለም።

ግን ወረታ ተቀምጠሽማ ሩዝ አይቸግርሽም! «እማዬ፣ አጃው ሆዴን ያመኛል፣ የሩዝ ሙቅ ይሥሩልኝ» በያቸው። ሩዙ በቤት ይወቀጥ። ዝንጅብል ትንሽ ጣል ይደረግበት፣ ማር ይጨመርበት። ማር ለሳል ጥሩ ነው፣ አንቺንም ሕፃኑንም አይጎዳም። ከተወለደ በኋላ ግን ዓመት ሳይሞላው እንዳያቀምሱት ከወዲሁ ንገሪያቸው።

«ባለቤቴ ስድስተኛ ወሯ ነው። ጉንፋን ነው ብለን ፓራሲታሞል ሰጠናት። ላብ ያጠምቃትና ይለቃታል፣ ማታ ደግሞ ያንቀጠቅጣታል። ግሉተን የሌለው ጠንከር ያለ መድኃኒት ካለ?» (ከዘጌ)

ወንድሜ፣ ጣና ዳር ሆነን የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳትን ጉንፋን ብለን አንተኛም። ፓራሲታሞሉ ትኩሳቱን ያወርዳል፣ ወባ ከሆነ ግን ወባውን አይነካውም። እርጉዝ ላይ ወባ ቶሎ ይከፋል፣ ለእናትም ለጽንስም። ደሟ ይታይ፣ የፈጣኑ ምርመራ ውጤት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ስንት ወሯ እንደሆነ ንገራቸው፤ ፕሪማኪን የሚባለው የወባ መድኃኒት ለምሳሌ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ግሉተኑንም እዚያው ትጠይቃለህ። አሁን ስልኩን ዝጋና ጤና ጣቢያ ውሰዳት።