የቡሽ መንቀያው ቀለበት

ሰላም፦ የዛሬው ፊልማችን የዶሮቲ አርዝነር ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 ለእይታ የበቃው «መሪሊ ዊ ጎ ቱ ሄል»። «እየተደሰትን ወደ ሲኦል» እንደማለት ነው። ዋናው ገጸ ባሕሪ ጄሪ ብርጭቆ ሲያነሣ የሚለው ቃል ነው።

ዮናስ፦ በዚህ ስም የተነሣ ማስታወቂያውን አናትምም ያሉ ጋዜጦች ነበሩ። በአሜሪካ መጠጥ መሸጥ ያን ጊዜ ገና ክልክል ነው፤ ጄሪ ግን ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ ሰክሯል። የቺካጎ ጋዜጠኛ ነው፤ ምኞቱ ተውኔት መጻፍ ነው። ጆአን ደግሞ የባለጸጋ ልጅ ናት፤ ወደደችው።

ሰላም፦ እስቲ ሠርጉን አንሣው።

ዮናስ፦ ቀለበቱ ጠፋ! በምትኩ ከኪስ የተገኘው የቡሽ መንቀያ ነው፤ በእርሱ ተጋቡ። ከት ብዬ ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ባሏን የሚነጥቃትን ነገር በገዛ ጣቷ አጠለቀችው እኮ!

ሰላም፦ እኔን የከነከነኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መጠጥ ትቶ የጻፈው እርሷ ከጎኑ ሆና ነው። ተውኔቱ መድረክ ሲያገኝ ግን መሪ ተዋናይቷ የቀድሞ ፍቅረኛው ሆነች፤ እርሱም ወደ ጠርሙሱም ወደ ሴትየዋም ተመለሰ። ችግር ያፈረሰውን ትዳር ብዙ አይተናል፤ ይህን ያፈረሰው ስኬት ነው።

ዮናስ፦ ጆአንም «ዘመናዊ ትዳር» ብላ እርሷም ከሌሎች ወንዶች ጋር መውጣት ጀመረች። አንደኛውን የሚጫወተው ያን ጊዜ ገና ስም ያላወጣው ተዋናይ ካሪ ግራንት ነው። በ1934 የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ ሲጠብቅ እንዲህ ያለውን ታሪክ በግልጽ ማሳየት ከባድ ሆነ።

ሰላም፦ አርዝነር ስቱዲዮ የገባችው የሰው ስክሪፕት በታይፕ ለመምታት ነው። ከዚያ ፊልም ቆራጭ፣ ከዚያ ዳይሬክተር ሆነች። የአንድ ሰው ድርሰት በስንት ሰው ትከሻ እንደሚቆም በእጇ ያወቀች ሴት ናት። ጆአንን ችላ ያላለቻት ለዚህ ይመስለኛል።

ዮናስ፦ በመጨረሻው ግን አንስማማም። ልጃቸው እንደተወለደ ሞተ፤ ጄሪ ተጸጽቶ መጣ፤ አቀፈችው። ይቅር አለችው።

ሰላም፦ «ልጄ» እያለች እኮ ነው ያቀፈችው! ያጣችውን ሕፃን ነው የጠራችው ወይስ ባሏን? ከእንግዲህ ሚስቱ ናት ወይስ እናቱ?

ዮናስ፦ እኔ በድምፅዋ ውስጥ ፍቅር ሰማሁ።

ሰላም፦ እኔ ድካም ሰማሁ። ና፣ ያቺን ትዕይንት ብቻ ደግመን እንያት።