ለአገልጋዮች ሥልጠና በኑዛዜ መስጠት፦ የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ውድ ወንድሞችና እኅቶች፤ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።

ይህን ጉባኤ ስከፍት ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ እናገራለሁ፤ የወንጌል አገልጋዮች ለሚሠለጥኑባቸው ተቋማት በኑዛዜ ስለሚተው ስጦታ። ብዙ ስጦታ መንገድ ላይ የሚቀረው ሰጪው ልቡ ስለሳሳ ሳይሆን ኑዛዜው በደንብ ስላልተጻፈ ነው።

ጆን ሃርቫርድ የተባለ ወጣት አገልጋይ እ.ኤ.አ. በ1638 በማሳቹሴትስ ሲሞት የሀብቱን እኩሌታና 400 ያህል መጻሕፍቱን ከ2 ዓመት በፊት ለተመሠረተ ኮሌጅ ተናዘዘ። የኮሌጁ መሥራቾች ስጋት፣ በጊዜው የነበሩት አገልጋዮች ሲያልፉ አብያተ ክርስቲያናት ባልተማሩ ሰዎች እጅ እንዳይወድቁ ነበር። ልብ በሉ፤ የተናዘዘው የተቆረጠ ገንዘብ አይደለም፤ ድርሻ ነው።

እኛም የምንመክረው ድርሻን ነው። ዋጋ በየዓመቱ 10 በመቶ ከጨመረ፣ ዛሬ የአንድ ሠልጣኝን የዓመት ወጪ የሚችል ገንዘብ ከ20 ዓመት በኋላ የሚሸፍነው አንድ ሰባተኛውን ያህል ብቻ ነው። በስም የተጠቀሰ ቤት ደግሞ ተናዛዡ በሕይወት ሳለ ቢሸጠው ስጦታው አብሮ ሊቀር ይችላል። «ዕዳዬና የውርስ ማጣሪያው ወጪ ተከፍሎ፣ ለቤተሰቤ የተውኩት ከወጣ በኋላ ከሚቀረው 10 በመቶ» ተብሎ ቢጻፍ ግን ስጦታው ሀብቱ ሲያድግ ያድጋል፣ ሲያንስ ያንሳል፤ የቤተሰቡንም ድርሻ አይነካም።

ተቀባዩ በተመዘገበበት ሙሉ ስም፣ በምዝገባ ቁጥሩና በአድራሻው ይጠቀስ። «የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤቱ» ብቻ ከተባለ ሁለት ተቋማት ይገባናል ሊሉ ይችላሉ። ተቋሙ ከሌላ ጋር ቢዋሃድ ለተተኪው፣ ቢዘጋ የኑዛዜ አስፈጻሚው ለሚመርጠው ተመሳሳይ ተቋም እንዲተላለፍ መጨመርም አይረሳ።

በዓላማው ላይ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። «ለማታው ክፍል የግሪክኛ መምህር ደመወዝ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ክፍሉ የተዘጋ ዕለት ገንዘቡ ይታሰራል፤ ለማስፈታትም ፍርድ ቤት መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል። «ለአገልጋዮች ሥልጠና፤ በተለይ ለቋንቋ ትምህርት ቢውል እወዳለሁ፣ ግን አላስገድድም» ማለት ይበቃል። ዘላቂ የትምህርት ድጋፍ ማቋቋም የሚሻም ሒሳቡን ይወቅ፤ ከተቀመጠው ገንዘብ በዓመት 4 በመቶ የሚወጣ ከሆነ፣ አንድ ሠልጣኝ ለማስተማር የዓመት ወጪው 25 እጥፍ ያስፈልጋል። ያን ያህል ከሌለ ገንዘቡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለሥልጠናው ቢወጣ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የሕጉ ሥርዓት ከአገር አገር ይለያያል። በእንግሊዝ 2 ምስክሮች ያስፈልጋሉ፤ ስጦታ የተተወለት ሰው ወይም የትዳር ጓደኛው ምስክር ሆኖ ከፈረመ ስጦታውን ያጣል። በኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በመደበኛው 4 ምስክሮች ባሉበት ይነበባል። በፈረንሳይ 2 ልጆች ያሉት ሰው በነጻ መናዘዝ የሚችለው የሀብቱን ሲሶ ብቻ ነው። ስለዚህ በየአገራችሁ ያለ የሕግ ባለሙያ ሳያየው አትፈርሙ። የኮሌጅ ኃላፊዎችም የደጋፊያችሁን ኑዛዜ አታርቅቁ፣ ምስክርም አትሁኑ፤ «ተጫኑት» የሚል ክስ ከዚያ ይጀምራል።

ለልጆቻችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ንገሯቸው። ኑዛዜው ሲከፈት ድንገት የሰሙት ወራሾች ለክርክር ቅርብ ናቸው።

የአጻጻፍ ናሙናው ከሰዓት በኋላ ይታደላል፤ የሕግ ባለሙያዎችም ጥያቄያችሁን ይቀበላሉ። ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን በደስታ አበስራለሁ።