ሶፍትዌር የዝርያዎችን ዝምድና እንዴት ያውቃል?

ሰላም ወዳጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ የዝርያዎችን የዘር ሐረግ ስለሚሠሩ ሶፍትዌሮች ነው የምናወራው። ኮምፒውተሩን ግን ለጊዜው ተዉትና አንድ መጽሐፍ አስቡ።

መጽሐፉ በእጅ ነው የሚገለበጠው። ውስጡ "ንጉሡ መጣ፤ ልጁን ሰማ" የሚል መስመር አለ። አንዱ ገልባጭ እጁ ሳተና "መጣ" የሚለውን "መታ" ብሎ ጻፈው። "ንጉሡ መታ!" ከሱ የገለበጡት ሁሉ "መታ" እያሉ ቀጠሉ። ከነሱም አንዱ ደግሞ "ሰማ" የሚለውን "ሳመ" አደረገው። ከዚያ ወዲህ "ንጉሡ መታ፤ ልጁን ሳመ" የሚሉ ቅጂዎች መጡ።

አሁን ቅጂዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። "መታ" እና "ሳመ" ያለባቸው የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። "መታ" ብቻ ያለባቸው ትንሽ ራቅ ይላሉ። ሁለቱም የሌለባቸው ከመጀመሪያውም በሌላ መንገድ የመጡ ናቸው። ገልባጮቹን አንዳቸውንም አላየንም፤ ስሕተታቸው ግን ዝምድናቸውን ነገረን። ይሄን ንጽጽር በጣም ነው የምወደው! ደግሞ ንጽጽር ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ተመራማሪዎች የአንድ መካከለኛው ዘመን የእንግሊዝኛ ግጥም ቅጂዎችን ለዝርያ ጥናት በተሠራ ሶፍትዌር መርምረው ውጤቱን ኔቸር መጽሔት ላይ አውጥተዋል።

ዲኤንኤም በአራት ፊደል የተጻፈ፣ ሲገለበጥ የኖረ ጽሑፍ ነው። ችግሩ፣ ሁለት ገልባጮች ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ስሕተት ሊሠሩ ይችላሉ። ስሌት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሠራሩን ቶሎ ልበላችሁ። መጀመሪያ ማፍት ወይም ክላስታል በሚባል ሶፍትዌር የዝርያዎቹን የዲኤንኤ ፊደሎች ፊት ለፊት ታሰልፋላችሁ። ከዚያ አይኪው-ትሪ ወይም ራክስኤምኤል የሚባለው ሶፍትዌር ለዳታው ከፍተኛውን ዕድል የሚሰጠውን ዛፍ፣ ማለትም የዘር ሐረግ፣ ይፈልጋል። ሚስተርቤይስ እና ቢስት በቤይዝ ስሌት ይሄዳሉ፤ ማለትም ቀድሞ የሚታሰበውን ከዳታው ጋር አጣምረው ዛፉ እውነት የመሆን ዕድሉን ያሰላሉ፤ ቢስት ዝርያዎቹ የተለያዩበትን ዘመንም ይገምታል። ለጀማሪ ሜጋ ይቀላል። ሥር (የሁሉም መነሻ የቱ ጋ እንደሆነ) ያልተወሰነለት የ10 ዝርያ ዛፍ በ2,027,025 መንገድ ሊሣል ይችላል፤ ዝርያው ሲበዛ ሁሉንም መሞከር አይታሰብም። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ከአንድ ዛፍ ተነስቶ ቅርንጫፍ እየነቀለ፣ ሌላ ቦታ እየተከለ ያሻሽላል። እኔ የምለምናችሁ አሰላለፉን በዓይናችሁ ሳታዩ "ጀምር" የሚለውን እንዳትጫኑ ነው። አሰላለፉ ከተበላሸ ምንም ያህል ቆንጆ ዛፍ ቢወጣ አይረባም።

ካለፈው ቪዲዮ ሥር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁት አለ፦ "ታዲያ ቺምፓንዚ ወደ ሰው የማይለወጠው ለምንድነው?" ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሶፍትዌሩ ዛፉን እንዲህ አድርጎ ያስቀምጠዋል፦

((ሰው,ቺምፓንዚ),ጎሪላ);

ውስጠኛውን ቅንፍ እዩ። ሰውና ቺምፓንዚ አብረው ናቸው። ቅንፉ "ሰው ከቺምፓንዚ መጣ" አይልም፤ "ሁለቱም ከአንድ ቅድመ አያት ተገንጥለዋል" ነው የሚለው። ያ ቅድመ አያት ዛሬ የለም። የአክስታችሁ ልጅ እናታችሁ አይደለችም፤ አያታችሁ ግን አንድ ናቸው። ቺምፓንዚም ከመገንጠያው ወዲህ እንደኛው ያህል ዘመን ሲለወጥ ኖሯል። የሚገርመው ደግሞ፣ ቺምፓንዚ በመልክ ለጎሪላ የቀረበ ቢመስልም በዝምድና የሚቀርበው ለሰው ነው።

አሁን ደግሞ ቦታ እንቀያይር፦

(ጎሪላ,(ቺምፓንዚ,ሰው));

ዛፉ ተለወጠ? በፍጹም! ያው ዛፍ ነው። ማን ከማን አጠገብ ተጻፈ ሳይሆን፣ ማን ከማን ጋር በአንድ ቅንፍ ገባ ነው ጥያቄው። ዛፍ ስታነቡ ዓይናችሁ ጫፉ ላይ ሳይሆን መገንጠያው ላይ ይሁን።

መገንጠያው ላይ የምታዩት ቁጥር ብዙ ጊዜ ቡትስትራፕ ነው፤ የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ፌልሰንስታይን እ.ኤ.አ. በ1985 ለዝርያ ዛፍ ያመጣው ዘዴ። ሶፍትዌሩ ከተሰለፉት ፊደሎች ዓምዶችን በዕጣ እያወጣ ዛፉን ደጋግሞ ይሠራል። 98 ካለ፣ ከመቶው በ98ቱ ያ ቡድን ተገኝቷል ማለት ነው። 40 ካለ ግን እባካችሁ በዚያ መገንጠያ ላይ ታሪክ አትገንቡ።

እስከዚህ ከቆያችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ። አንድ የቤት ሥራ፦ ጉማሬ፣ ዓሣ ነባሪ እና አሳማን በቅንፍ አስቀምጡና ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። መልሱን በሚቀጥለው ቪዲዮ በዲኤንኤ እናየዋለን።