ስሜን አትጠይቀኝ ያለው ኢትዮጵያዊ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ አሜሪካዊ ተዋናይ ነው፤ ስሙ ዉዲ ስትሮድ ይባላል። እኔ የማውቀው ግን በመጀመሪያ ድራባ በሚለው ስም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው «ስፓርታከስ» ፊልም ውስጥ የተጫወተው ገጸ ባሕርይ ነው።

ፊልሙን ያየሁት በልጅነቴ፣ ከአባቴ ጋር በቪዲዮ ካሴት ነው። በጣሊያኗ ከተማ በካፑዋ፣ ለተመልካች መዝናኛ እንዲፋለሙ የሚገደዱ ባሮች፣ ማለትም ግላዲያተሮች፣ በሚሠለጥኑበት ስፍራ ካሉት ተፋላሚዎች መካከል ያ ቁመተ ሎጋ ጥቁር ሰው ኢትዮጵያዊ መሆኑ ሲነገር፣ አባቴ ከተደገፈበት ቀና ብሎ «የኛ ሰው ነው» አለኝ። በግሪኮችና በሮማውያን ዘንድ ኢትዮጵያዊ የሚለው ስም ከግብፅ በስተደቡብ ለሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች ሁሉ ይሰጥ እንደነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ዕለት ግን ዋናውን ባለታሪክ ትቼ ዓይኔ እሱን ብቻ ይከተል ነበር።

ዋናው ባለታሪክ ስፓርታከስ ስሙን ሲጠይቀው ድራባ አይነግረውም፤ ግላዲያተር ወዳጅ አያበጅም፣ ሜዳ ላይ ከተገናኘን ልገድልህ ግድ ይሆንብኛል ይለዋል። ያ ቀን ይመጣል። ከሮም የመጡ እንግዶች ለመዝናኛ ሲሉ ሁለት ጥንድ ተፋላሚዎች እስከ ሞት እንዲዋጉላቸው ይጠይቃሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ውጭ ሲተራረዱ ድራባና ስፓርታከስ በጠባብ የእንጨት ክፍል ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ቃል ሳይተነፍሱ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ስትሮድ እዚያ ዝም ብሎ ሲመለከት ፊቱ ላይ ያለውን ነገር የትኛውም ንግግር ሊተካው አይችልም። ሲገጥሙ ድራባ ያሸንፋል፤ መንሽ የሚመስለውን ባለ ሦስት ጣት ጦሩን ከስፓርታከስ ጉሮሮ ላይ ይደግናል። ከላይ «ግደለው» ሲሉት ግን ጦሩን ወደ እንግዶቹ ይወረውርና ሰገነቱን መውጣት ይጀምራል። አንድ ወታደር በጦር ይወጋዋል፤ ከእንግዶቹ አንዱ የሆነው ሮማዊው ሹም ክራሰስ አንገቱን በጩቤ ይቆርጠዋል፤ አስከሬኑም ለጓደኞቹ ማስፈራሪያ ቁልቁል ይሰቀላል።

ፊልሙ ከሦስት ሰዓት በላይ ይረዝማል፤ ድራባ ግን ገና በመጀመሪያው ሰዓት ይሞታል። ከሁሉ የላቀውን ተግባር የሚፈጽመው ጥቁሩ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ሞቱ ለነጩ ጀግና መንቂያ ይሆናል፤ ከየት እንደተማረከ፣ ማን እንደሚጠብቀው የሚጠይቅ አንድም ሰው የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ስትሮድ ከዚህ የሚበልጥ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 ከሌላው ጥቁር ተጫዋች ከኬኒ ዋሽንግተን ጋር ለሎስ አንጀለስ ራምስ ቡድን ሲሰለፍ፣ ለጥቁሮች ከአሥር ዓመት በላይ ተዘግቶ የቆየውን የአሜሪካን ፉትቦል ብሔራዊ ሊግ (ኤን.ኤፍ.ኤል.) በር ካስከፈቱት አንዱ ሆነ። በ1956 በ«አሥርቱ ትእዛዛት» የኢትዮጵያን ንጉሥ ሲጫወት፣ በዚያው ፊልም ባሪያም ሆኖ ይታያል። በ1960 ደግሞ «ሳጅን ራትሌጅ» የተባለው ፊልም የተሰየመው እሱ በተጫወተው ወታደር ሆኖ ሳለ፣ ስሙ በተዋናዮች ዝርዝር ላይ ከሌሎች በታች ተጻፈ። ለድራባ ግን ለጎልደን ግሎብ ሽልማት ታጭቷል።

ያን ምሽት የተሰቀለው አስከሬን ሲታይ አባቴ ተነሥቶ ካሴቱን አቆመው። «ቀሪውን ነገ እናየዋለን» አለኝ፤ መብራቱንም እስኪያጠፋ ድረስ ሌላ ቃል አልተናገረም።