የእኔ መሆኑን ማን ይመስክር?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ ነገር አለ፤ እሱን ላውራችሁ።

ድረ ገጼ ላይ የጻፍኩትን አንድ ሰው ቃል በቃል ገልብጦ፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በራሱ ስም ለጥፎት አየሁ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል አይደል? እንደዚያ ነው የተሰማኝ። አንባቢ የትኛው የእኔ እንደሆነ እንዲለይ ብዬ ድረ ገጼን ከማኅበራዊ ሚዲያ አካውንቴ ጋር ላያይዝ ገባሁ። «መጀመሪያ ባለቤትነትዎን ያረጋግጡ» አለኝ። ስንት ሌሊት የተቀመጥኩበትን ነገር! በጣም ከፋኝ።

አሠራሩ ግን ሲገባኝ ደስ አለኝ። አካውንታችሁ ያለበት ድርጅት ትርጉም የሌለው ረጅም የፊደልና የቁጥር ኮድ ይሰጣችኋል። እሱን የያዘች መስመር የድረ ገጹ ኤችቲኤምኤል ላይ፣ ማለትም ገጹ በተጻፈበት ቋንቋ ውስጥ፣ አንባቢ በማያየው «ሄድ» በሚባለው ክፍል ታስገባላችሁ። ወይ ትንሽ ፋይል ትጭናላችሁ፣ ወይ የዶሜኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ አድራሻ ስም፣ መረጃ በሚመዘገብበት ዲኤንኤስ ላይ አንድ መስመር ትጨምራላችሁ። መጥተው ያያሉ፤ ካገኙት አለቀ። ማስቶዶን የሚባለው ማኅበራዊ ሚዲያ ኮድም አይሰጥም፤ ከድረ ገጻችሁ ወደ ፕሮፋይላችሁ የሚመልስ «ሬል ሚ» የተባለ ምልክት ያለው ሊንክ ይበቃዋል። መታወቂያ አምጡ የሚል የለም። ቁልፍ ያለው ሰው ብቻ በሚገባበት ቦታ ምልክት አስቀምጡ ነው የሚሉት።

እኔን ሁለት ቀን አልሠራ አለኝ። «አላገኘነውም» ይላል፤ እኔ ደግሞ እያየሁት ነው። ለካ ኮዱ ያለበትን መስመር መጀመሪያ ስልኬ ማስታወሻ ላይ ለጥፌው ነበር። ስልኩ በኮዱ ግራና ቀኝ ያሉትን ቀጥ ያሉ የጥቅስ ምልክቶች ወደ ጠማማ ቀይሯቸዋል። ዓይን ቶሎ አይለየውም፤ ማሽኑ ግን ጠማማዎቹን የኮዱ አካል አድርጎ ያነባቸዋል።

አንድ ነገር አደራ። ኮዱ የሚሰጠው ለአንድ አካውንት ነው። ሰው «ይህቺን መስመር አስገቢልኝ» ብሎ ቢልክላችሁ እንዳታስገቡ። ድረ ገጹ የእሱ ነው ብላችሁ በገዛ እጃችሁ ፈረማችሁለት ማለት ነው።

ከሁሉም ያስፈራኝ ግን ዶሜኑ ነው። ገዛሁት እንላለን እንጂ ኪራይ ነው። ጊዜው አልፎ ካልታደሰ ሌላ ሰው ይወስደዋል፤ ያንኑ ዓይነት ኮድ እሱም ያስገባል፤ ባለቤቱም እሱ ይሆናል። ማን ጻፈው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይህን ሳስብ ሄጄ አየሁ። ለካ የእኔ የተመዘገበው ድረ ገጹን በሠራልኝ ልጅ ኢሜይል ነው! ደግ ልጅ ነው፣ ደወልኩለት፣ በዚያው ቀን አዛወረልኝ። ስልኩን ባያነሳስ? ቁጥሩ ቢጠፋኝስ?

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የድረ ገጹን ዲዛይን ስቀይር ያቺ መስመር አብራ ጠፋች። አንዳንዶቹ ድርጅቶች በየጊዜው ተመልሰው ስለሚያዩ፣ ከጠፋች ማረጋገጫውም ሊቀር ይችላል። ወዲያው መለስኳት። በዚህኛው ጊዜ በስልክ አልነካኋትም፤ ኮምፒውተር ላይ አጉልቼ፣ ጥቅስ ምልክቶቹን አንድ በአንድ እያየሁ።